ሪአክት ጨርሻለሁ፣ ሥራ ግን የለም። ሌላ ፍሬምወርክ ልጨምር?

አዳማ_ፍሮንት

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ዓምና በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቅኩ። ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት እችላለሁ፣ ሪአክት (ድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ላይ በደንብ ሠርቻለሁ፣ ኖድም ነካ ነካ አድርጌያለሁ። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ኮርስ ጨርሼ ሰርተፊኬቱን ይዣለሁ። ፖርትፎሊዮዬ ላይ የቱዱ አፕ፣ የአየር ሁኔታ ማሳያና ኔትፍሊክስን አስመስዬ የሠራሁት ገጽ አለ። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፍ የሥራ ማስታወቂያ አያመልጠኝም። ሲቪ እልካለሁ፣ መልስ የሚባል ነገር የለም። ማስታወቂያዎቹም ግራ ያጋባሉ። «ጁኒየር» ብለው ይጀምሩና የ3 ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። አንዱ ኔክስት ይላል፣ አንዱ አንጉላር፣ አንዱ ላራቬል፣ አንዱ ደግሞ ሁሉንም ከነፍለተሩ።

ቤት ውስጥ «የባንክ ፈተና ሲወጣ ተመዝገብ» ነው ወሬው። አልፈርድባቸውም፣ ጓደኞቼ ገብተው ደሞዝ እየበሉ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ኔክስት ልጨምር? ወይስ ጎ ወደሚባለው ቋንቋ ልሂድ? ተከፍሎበት የሚሰጥ ሥልጠናም አለ፣ እሱ ይሻላል? እውነቱን ንገሩኝ፣ አይከፋኝም።

ፒያሳ_ባክኤንድ

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። በምሠራበት ድርጅት የጁኒየር አመልካቾችን ሥራ ከሚያዩት አንዱ ነኝ፣ ስለዚህ ከወዲያ በኩል የሚታየውን ልንገርህ።

ሦስቱም ፕሮጀክቶችህ የሚደርሱኝ ሲቪዎች ላይ በብዛት አሉ። መደጋገማቸው ግን ዋናው ችግር አይደለም። ዋናው ችግር ሦስቱም ላይ ሊበላሽ የሚችል ነገር አለመኖሩ ነው። ቱዱው ቢጠፋ የሚጎዳ ሰው የለም። የአየር ሁኔታው ከሌላ ሰው ኤፒአይ (ዝግጁ መረጃ ከሚሰጥ አገልግሎት) መጥቶ ይታያል፣ አለቀ። ኔትፍሊክሱ ውስጥ የሚገባ ተጠቃሚ የለም። ሥራ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምንውለው ከሚበላሽ ነገር ጋር ነው። ሰው «ክፈል» የሚለውን ሁለቴ ይጫናል። ኔትወርክ መሀል ላይ ይቆረጣል። ሁለት ሠራተኛ በአንድ ደቂቃ አንድ መዝገብ ያስተካክላሉ። መዝገቡ 200 መስመር ሳለ ይፈጥን የነበረ ገጽ 200 ሺህ ሲገባበት ቆሞ ይቀራል። አመልካች ሳይ የምፈልገው እነዚህን ነገሮች በዓይኑ አይቶ ያውቃል ወይ የሚለውን ነው።

ለዚህ ነው ሌላ ፍሬምወርክ አትጨምር የምልህ። ሪአክት የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከሱ በፊት ሁሉም ሰው ሌላ ነገር ይማር ነበር፣ ከሱ በኋላም ሌላ ይመጣል። የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው ኤስኪውኤል ግን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ኤችቲቲፒ የድሩ መሠረት ሆኖ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቷል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ዛሬ ያለሱ የሚሠራ ቡድን ማግኘት ይከብዳል። ጊዜህን እነዚህ ላይ ብታፈሰው የትኛውም ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ፍሬምወርክ በአጭር ጊዜ ይገባሃል።

ቃለ መጠይቅ ላይ ከምጠይቃቸው አንዱ ይሄ ነው፦ «አስገባ የሚለውን ቁልፍ ሰውዬው ሁለት ጊዜ ቢጫነው ዳታቤዝህ ውስጥ ምን ይገባል?» አብዛኛው ልጅ «ቁልፉን ከመጀመሪያው ጫና በኋላ አጠፋዋለሁ» ይላል። ጥሩ ነው፣ ለዓይን ይረዳል። ግን ስልኩ ጥያቄውን ልኮ መልሱ ሳይደርሰው ኔትወርክ ቢቋረጥና ሰውዬው ገጹን ከፍቶ እንደገና ቢልክስ? ያኔ ፍሮንት (ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ) ላይ ያለው ቁልፍ አያድንህም። ለእያንዳንዱ ክፍያ ልዩ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ያ ቁጥር ዳታቤዝ ውስጥ እንዳይደገም ይታገዳል፣ ሁለተኛ ሲመጣ ሰርቨሩ አዲስ መዝገብ ከመክፈት ይልቅ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል። እንደ ቴሌብር ወይም ቻፓ ያለ የክፍያ አገልግሎት ያገናኘ ሰው ይሄን ያውቃል፣ ምክንያቱም «ተከፍሏል» የሚለው ማሳወቂያ ከነሱ በኩል ሁለቴ ሊመጣ ይችላል፣ ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል። ደንበኛው ብር ከፍሎ አንተ ጋ «አልተከፈለም» ሲል ማሰብ አለብህ።

በአጭሩ፦ አንድ ነገር ሥራ፣ ግን በየቀኑ የሚከፍተው እውነተኛ ሰው ይኑረው።

መቀሌ_ሊኑክስ

በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። «ፕሮጀክት ሥራ» የሚለው ምክር ልጆቹን መሠረት ሳይኖራቸው ወደ ውስጥ ይገፋል። ዳታ ስትራክቸር፣ አልጎሪዝም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፤ እነዚህ ዩኒቨርሲቲ ላይ ለፈተና ተሸምድደው ተረሱ። ከዚያ ልጁ ሉፕ ውስጥ ሉፕ ውስጥ ሉፕ ይጽፍና «ሰርቨሩ ደካማ ነው» ይላል።

ኤቱኤስቪ የሚባለውን የተማሪዎች ሥልጠና ተመልከት። በ2019 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን፣ የአዲስ አበባንና የአዳማን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ልጆች አልጎሪዝም እያስጨረሰ ውጭ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ደጃፍ አድርሷል። ያን ያመጣው የአንድ ሱቅ ዌብሳይት መሥራት አይደለም። አንተ ደግሞ አዳማ ነህ፣ አንዱ ካምፓስ አጠገብህ ነው።

ለማንኛውም ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ልመድ። ሊኑክስ ላይ ሰርቨር ጫን፣ ራስህ ኤንጂንኤክስ የሚባለውን የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም አስነሳ፣ የደህንነት ሰርተፊኬት አስገብተህ ኤችቲቲፒኤስ አድርገው፣ ሎግ (ሰርቨሩ የሚጽፈውን መዝገብ) አንብብ። በአንድ ጠቅታ ሁሉን የሚያወጣልህ አገልግሎት ላይ ብቻ ከኖርክ ሲበላሽ ከየት እንደምትጀምር አታውቅም።

ፒያሳ_ባክኤንድ

@መቀሌ_ሊኑክስ በተርሚናሉና በሎጉ መቶ በመቶ እስማማለሁ። በአልጎሪዝሙም አልከራከርም፣ ግቡ ውጭ ያሉ ድርጅቶች ከሆነ ግዴታ ነው። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። ኢንዴክስ (ዳታቤዝ ቶሎ የሚፈልግበት ማውጫ) ምን እንደሆነ በመጽሐፍ ያነበበና የራሱ ገጽ ሲንቀራፈፍ አይቶ ዳታቤዙ እንዴት እንደሚፈልግ የሚያሳየውን «ኤክስፕሌይን» ትእዛዝ አስነስቶ ዳታቤዙ ሠንጠረዡን ከላይ እስከታች እንደሚያነብ በዓይኑ ያየ ሰው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው አይረሳውም። ከዚያ በኋላ ኢንዴክስ ስለሚሠራበት ቢ-ትሪ ሲያነብ ለምን እንደሚያነብ ያውቃል።

አዳማ_ፍሮንት

ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። «እውነተኛ ሰው» ስትሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አጎቴ እዚሁ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም። ለኮንትራክተሮችና ለሰፈር ሰው በዱቤ ይሰጣል፣ ሁሉም ነገር ደብተር ላይ ነው። ማን ምን ወሰደ፣ ስንት ከፈለ፣ ስንት ቀረው። ደብተሮቹ ብዙ ናቸው፣ አንዳንዴ አንድ ሰው ሁለት ደብተር ላይ ይገኛል። ይሄ ይሆናል? ወይስ በጣም ትንሽ ነው? ሲቪ ላይ «የአጎቴ ሱቅ» ብዬ መጻፍ ያሳፍራል ብዬ ነው።

ፒያሳ_ባክኤንድ

ምን ያሳፍራል! ወርቅ ነው የያዝከው። ገንዘብ አለ፣ ሰው አለ፣ ቀን አለ፣ ክርክር አለ። ይሄን በትክክል ሠርቶ የመጣ ልጅ ካለ ነገ ለቃለ መጠይቅ እጠራዋለሁ።

ሰብለ_ኪውኤ

አዳማ፣ ወንድሜ፣ ሥራዬ የሌሎችን ሲስተም መፈተሽ ነው፣ እና ይሄ የዱቤ መዝገብ ሲሠራ የሚገጥምህን አሁኑኑ ልንገርህ። አብዛኛው ከውጭ ኮርስ ላይ አታገኘውም።

መጀመሪያ ስም። ፎርምህ ላይ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብለህ እንዳትከፍል። እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። የቤተሰብ ስም ግዴታ ነው የሚል ፎርም ላይ ሰዎች የአባታቸውን ይጽፋሉ፣ ሌላ ቀን የአያታቸውን ይጽፋሉ፣ ከዚያ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። የአጎትህ ደብተር ላይ ያለው ችግር ኮምፒውተር ላይ ተዛወረ ማለት ነው።

ፍለጋው ከዚህ ይብሳል። አጎትህ «ኃይሌ» ብሎ መዘገበ፣ ሱቅ የሚረዳው ልጅ ደግሞ «ሀይሌ» ብሎ ፈለገ። ሲስተሙ «አልተገኘም» ይላል፣ ልጁ አዲስ ደንበኛ ይከፍታል፣ ዕዳው ሁለት ቦታ ይከፋፈላል። ስለዚህ ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጥ፣ ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ይኑርህ። እዚያ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጡ፣ ከነእርባታቸው። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም አንድ ይሁኑ። ተጠቃሚው የሚጽፈውም ፍለጋ ከመደረጉ በፊት በዚሁ መንገድ ይለፍ። ይሄን የሚሠራ ፈንክሽን ጥቂት መስመር ነው፣ ግን ሠርቶ ያሳየኝ አመልካች እምብዛም አላጋጠመኝም።

ስልክ ቁጥር። አሁንም በ09 የሚጀምር ቁጥር ብቻ የሚቀበሉ ፎርሞች አሉ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ደንበኛ ሞልቷል። ሰው 09 ብሎም ይጽፋል፣ +251 ብሎም፣ መሀሉ ላይ ክፍት ቦታ አድርጎም። ሁሉንም ተቀበል፣ አንተ ግን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ አስቀምጥ።

ቀን ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አጎትህ «ጥቅምት 12» ነው የሚለው እንጂ «ኦክቶበር» አይልህም። ዳታቤዝ ውስጥ በፈረንጅ ካሌንደር አስቀምጥ፣ ስታሳይ ወደ ኢትዮጵያ ቀይረው። ለማሳየት ብቻ ከሆነ ብሮውዘሮች ውስጥ አብሮ ያለው ኢንትል የሚባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል የኢትዮጵያን ካሌንደር ያውቃል፣ ሌላ ላይብረሪ አያስፈልግህም። ቀን ለማስገባት ግን የራስህን መምረጫ መሥራት አለብህ፣ 13 ወር ያለው፣ ጳጉሜንን በየአራት ዓመቱ 6 ቀን የሚያደርግ። 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የጻፈ ሲስተም ያን ዓመት በአንድ ቀን ይሳሳታል። ሌላም አለ። ተጠቃሚው ቀን ሲመርጥ ኮምፒውተሩ የዚያን ቀን እኩለ ሌሊት ይይዛል፣ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ሲቀየር 3 ሰዓት ይቀነሳል፣ ቀኑ ወደ ትናንት ይዞራል። ጥቅምት 12 የተመዘገበው ጥቅምት 11 ሆኖ ይታያል። ሰዓት የማያስፈልገው ቀን ከሆነ ያለ ሰዓት፣ ቀን ብቻ አድርገህ አስቀምጥ።

የማስታወሻ ኤስኤምኤስ ለመላክ ካሰብክ ደግሞ ሒሳቡን ቀድመህ አስላ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ቁምፊ ይይዛል። አንዲት የአማርኛ ፊደል እንኳ ከገባች 70 ነው የሚይዘው፣ ካለፈ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይሆናል። «ውድ ደንበኛችን፣ በመልካም ፈቃድዎ...» ብለህ ከጀመርክ ለአንድ ማስታወሻ የሁለትና የሦስት መልእክት ዋጋ ትከፍላለህ። ስም፣ ቀሪ ብር፣ የሱቁ ስም፣ በቃ።

ሐዋሳ_ፍሪላንስ

ሰብለ የጻፈችውን አስቀምጬዋለሁ፣ ተባረኪ እህቴ።

እኔ ስለ ብሩና ስለ ስምምነቱ ልጨምር። አዳማ፣ አጎትህ ስለሆነ በነጻ ትሠራለህ፣ ጥሩ። ግን አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚሠራውንና የማይሠራውን ጻፉ። «የዱቤ መዝገብ ነው፣ የመጋዘን ቆጠራ የለውም» ብለህ ጻፍ። አለበለዚያ «እግረ መንገድህን ይቺን ጨምርልኝ» አያልቅም። ይሄን ከዘመድ ጋር ከተለማመድከው ከደንበኛ ጋር አይከብድህም። ደንበኛ ላይ ስትደርስ ቅድመ ክፍያ ሳትቀበል ኮምፒውተር እንዳትከፍት። ዶሜኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) በደንበኛው ስም ይመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉም በእጁ ይኑር። በሠሪው ስም ተመዝግቦ ሠሪው ስልክ ማንሳት ሲያቆም ዌብሳይታቸውን ያጡ ድርጅቶች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል።

ሌላው የሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ) ክፍያ ነው። አብዛኛው የውጭ አገልግሎት በዶላር ነው፣ ብሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ነው የሚወሰነው። ለደንበኛ በብር ዋጋ ቆርጠህ የዓመት ሆስቲንግ ራስህ ልትከፍል ከተስማማህ ኪሳራው ያንተ ነው። ለይተህ አስቀምጠው። የውጭ የክፍያ አገልግሎት የሆነውን ስትራይፕን ደግሞ ኮርስ ላይ አይተህ አትጓጓ፣ እዚህ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። ከቻፓ ወይም ከቴሌብር ሰነድ ጀምር።

አንደኛ_ዓመት

ይቅርታ በመሀል ልግባ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ይሄን ሁሉ ለምን እንማራለን፣ ኤአይ እየጻፈው አይደል? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ ክፍላችን ውስጥ ሁሉም የሚያወራው ይሄንን ነው።

ፒያሳ_ባክኤንድ

@አንደኛ_ዓመት ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ኮዱን ይጽፋል፣ አዎ። ግን ከላይ ሰብለ የጻፈችውን ተመልከት። «የደንበኛ መመዝገቢያ ፎርም ሥራልኝ» ስትለው የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ያለው ፎርም ነው የሚሰጥህ፣ የሠለጠነው ያንን በሚመስል ኮድ ነው። ኃይሌንና ሀይሌን አንድ አድርግ ብለህ ካላዘዝከው አያደርግም። ለማዘዝ ደግሞ ችግሩ መኖሩን ማወቅ አለብህ።

ለአመልካቾች የቤት ሥራ ስንሰጥ ኤአይ አትጠቀሙ አንልም። ሲመጡ ግን የራሳቸውን ኮድ ከፍተን «እዚህ ጋ ደንበኛው በከፊል ቢከፍልስ?» እንላለን፣ እዚያው ያስተካክላሉ። የገባው ልጅ ትንሽ አስቦ ሁለት ፋይል ይነካል። ያልገባው ከላይ እስከታች እያንሸራተተ የቱ ጋ እንዳለ ይፈልጋል። በአምስት ደቂቃ ይለያል። ስለዚህ ተጠቀምበት፣ ግን አንተ ልታስረዳው የማትችለው አንድም መስመር ጊትህ ውስጥ አይግባ። አንደኛ ዓመት ላይ ከሆንክ ደግሞ መጀመሪያ በራስህ ሞክረህ ከዚያ ጠይቀው። መታገሉ ነው የሚያስተምርህ፣ ይሄን ከልቤ ነው የምልህ።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ከዚህ ማዶ ሆኜ ሳነብ ቆየሁ፣ ደስ የሚል ውይይት ነው። እዚህ ሜሪላንድ ብዙ አበሻ በዚህ ሙያ ውስጥ አለ፣ ከአገር ቤት «እንዴት ልግባ» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰናል። ስለዚህ ያለውን እንደነበረ ልጻፍ።

እዚህ የቅጥር ሂደቱ በአብዛኛው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አጭር የስልክ ወሬ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት የኮዲንግ ፈተና፣ ከፍ ላለ ደረጃ ደግሞ የሲስተም ዲዛይን፣ በመጨረሻ «ከሥራ ባልደረባ ጋር ሳትስማማ ስትቀር ምን አደረግክ» ዓይነት ጥያቄ። መቀሌ_ሊኑክስ የመከረው አልጎሪዝም የኮዲንጉን ፈተና ያሻግርሃል። ፒያሳ_ባክኤንድ የመከረው ፕሮጀክት የቀሩትን ያሻግርሃል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከ2022ና 2023ቱ የሠራተኛ ቅነሳ በኋላ ለጀማሪ በሩ ጠቧል፣ ዲግሪ ይዘው እዚሁ የተመረቁ ልጆች እንኳ ይቸገራሉ። ከአዲስ አበባ ሆኖ በቀጥታ ለአሜሪካ ድርጅት በጁኒየርነት መቀጠርን ዋና ዕቅድ አታድርገው። እዚያው አገር ቤት ከቡድን ጋር ሥራ፣ ኮድህ ሲታረም ልመድ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ዓይንህን ጣል።

ከርቀት መሥራት ስትፈልግም ሰዓቱን አስብ። ከእኛ ጋር በክረምት ወራታችሁ የ7፣ በበጋችሁ የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 9 ብለን ስብሰባ ስንጠራ እናንተ ጋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወይ ከቀኑ 10 ወይ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ሥራችሁ እስከ ሌሊት ይዘልቃል። ከጀርመን ጋር ግን ልዩነቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ብቻ ነው። ለብዙ ዓመት ልትሠራው የምታስበው ሥራ ከሆነ ይሄ እንቅልፍህንና ቤተሰብህን ይነካል።

እና እንግሊዝኛ መጻፍ። መናገሩ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ከርቀት ሥራ ግን አብዛኛው በጽሑፍ ነው። የሱቁን ፕሮጀክት ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ስታወጣ መግለጫውን በደንብ ጻፈው። ችግሩ ምን ነበር፣ የትኞቹን መንገዶች አሰብክ፣ የቱን መረጥክ፣ ለምን። ያንን ሁለት ገጽ የሚያነብ ቀጣሪ ከሰርተፊኬትህ ይልቅ በሱ ያውቅሃል። የእውነተኛ ደንበኞችን ስምና ስልክ ግን እዚያ ላይ እንዳታወጣ አደራ። የሙከራ ዳታ ፍጠር።

ሰብለ_ኪውኤ

ስለ ዳታው ያልከው ትልቅ ነጥብ ነው። አገራችንም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1321/2016። የሰው ዕዳ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚደበቅ ነገር ነው። አዳማ፣ አንድ ነገር ሞክር። ሲስተምህ ላይ የደንበኛ 15ን ገጽ ክፈትና አድራሻው ላይ 15ን 16 አድርገው። ሳይጠይቅህ ከከፈተ ጉድ ነው። ኦዋስፕ የሚባለው የዌብ ደህንነት ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዌብ አደጋዎች ዝርዝር ላይ አንደኛ የሆነው ይሄ ዓይነቱ ጉድለት ነው፣ ማን ምን ማየት እንደሚፈቀድለት አለመፈተሽ። እያንዳንዱ ጥያቄ ሰርቨር ላይ ይፈተሽ። ቁልፉን ከዓይን መደበቅ ጥበቃ አይደለም። የይለፍ ቃልም እንዳለ እንዳታስቀምጥ፣ ወደ ኋላ በማይመለስ መልክ በሚቀይሩት በአርጎንቱ ወይም በቢክሪፕት ዘዴ አድርገው።

እና ገጹን በአጎትህ ስልክ ላይ ሞክረው፣ ባንተ ላፕቶፕ ሳይሆን። ክሮም ውስጥ ኔትወርክን ሆን ብለህ የምታዘገይበት ቦታ አለ፣ እሱንም ተጠቀም። ጉግል ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ ይላል። የዱቤ መዝገብ ትልቅ የጃቫስክሪፕት ጥቅል አያስፈልገውም፣ ብዙውን ሰርቨሩ ሠርቶ ኤችቲኤምኤል ቢልክ ይበቃል።

አዳማ_ፍሮንት

ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ሱቅ ዋልኩ፣ ደብተሮቹን አብረን አገላበጥን። በጣም ደስ ብሎታል። ሠንጠረዦቹን እያሰብኩ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። አሁን «ደንበኛ» ሠንጠረዥ ላይ «ቀሪ ዕዳ» የሚል ዓምድ አለኝ። ሲወስድ እጨምራለሁ፣ ሲከፍል እቀንሳለሁ። አጎቴ ግን «ተሳስቼ ብጽፍስ፣ እንዴት ነው የምሰርዘው?» አለኝ። ዝም ብዬ ላጥፋው? ብሩንስ በነጥብ ቁጥር ላስቀምጥ?

ፒያሳ_ባክኤንድ

አጎትህ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀህ። ምንም አታጥፋ። «ቀሪ ዕዳ» የሚለውን ዓምድም አውጣው። አንድ የእንቅስቃሴ ሠንጠረዥ ይኑርህ፦ ደንበኛ፣ ቀን፣ ዓይነት፣ መጠን፣ ማን መዘገበው፣ ማስታወሻ። መውሰድ አንድ መስመር ነው፣ መክፈል አንድ መስመር ነው፣ ስሕተት ማረምም ሌላ መስመር ነው። 5,000 ብር ተሳስቶ ከገባ የሚሰርዘው ተቃራኒ 5,000 ይጻፋል፣ የትኛውን መስመር እንደሚያርምም ይጠቁማል። ቀሪው ዕዳ ሁልጊዜ የመስመሮቹ ድምር ነው። ኮንትራክተሩ መጥቶ «እኔ ይሄን ሲሚንቶ አልወሰድኩም» ሲል አጎትህ ታሪኩን ከነቀኑና ከነመዝጋቢው ያሳየዋል። ሒሳብ አዋቂዎች ከኛ በፊት ለዘመናት የሠሩበት መንገድ ነው።

ብሩን በነጥብ ቁጥር አታስቀምጥ። ጃቫስክሪፕት ላይ 0.1 እና 0.2 ደምረህ እየው፣ 0.30000000000000004 ይልሃል። በሳንቲም፣ ሙሉ ቁጥር አድርገህ አስቀምጥ፣ ስታሳይ ብቻ ለ100 አካፍል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ኑመሪክ የሚባለውም የቁጥር ዓይነት ይሆናል።

መቀሌ_ሊኑክስ

ባክአፕም አትርሳ። በየሌሊቱ ኮፒ ይውሰድ፣ ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ፣ በወር አንዴም ያንን ኮፒ ባዶ ዳታቤዝ ላይ መልሰህ ጭነህ የደንበኞቹን ቀሪ ከዋናው ጋር አወዳድር። ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ እንዳለህ አትቁጠረው።

ሰብለ_ኪውኤ

ደብተሩንም ወዲያው እንዳታስቀሩበት። አንድ ሁለት ወር ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ፣ ማታ ማታ ድምሩን አስተያዩ። የተለያየበትን እዚህ ጻፍልን፣ አብረን እናየዋለን።

አዳማ_ፍሮንት

እሺ፣ በእንቅስቃሴ ሠንጠረዡ እጀምራለሁ። የፍለጋውን ፈንክሽን ሳምንት ውስጥ ጊትሃብ ላይ አወጣና ሊንኩን እዚህ እለጥፋለሁ፣ ኮዱን እንድታርሙልኝ።